ሳይጠራ የሚነግሥ ገጸ ባሕርይ፤ ቱጃሩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ታሪክ

1. መግቢያ

የድራማ ድርሰት በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎቼን አንድ ኃያል ቱጃር ያለበት ትዕይንት ጽፈው እንዲያመጡ ባዘዝኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ሰው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መስተዋቱ የጠቆረ መኪና አለው፤ ከኋላው ሁለት ጠባቂዎች ይከተሉታል፤ ውስኪ ይቀዳል፤ ስልክ ላይ ይጮኻል፤ ንግግሩን ሲጨርስም "ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?" ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱ ተማሪ እንዲህ ያለውን ትዕይንት አንብቦ እንደጨረሰ፣ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ "ሰውየው ኃያል ከሆነ ለምን ይጮኻል?" ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ለጥያቄዋ የሚበቃ መልስ እንዳልነበረኝ የተገነዘብኩት ከክፍል ከወጣሁ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ጥያቄ ነው።

የጽሑፉ ዓላማ ቱጃር ገጸ ባሕርይ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ እንዴት አሳማኝ ሊሆን እንደቻለ በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጡት የእንግሊዝና የአሜሪካ ድራማዎች ናቸው። ምክንያቱም ይህ ዓይነት ገጸ ባሕርይ በእነዚህ ሁለት አገሮች ቴሌቪዥን ረዘም ያለ ዕድሜ ከማስቆጠሩም በላይ፣ ሥራዎቹ በብዙ አገሮች በመታየታቸው ተመልካች እንዴት እንደተቀበላቸው የሚገልጹ ጥናቶች ይገኛሉ። በመጨረሻም ከታሪኩ ለአማርኛ ድራማ ጸሐፊ የሚተርፈውን ነገር ለማመልከት እሞክራለሁ። የውጭ አገር ሁነቶች ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. የሚል ተጨምሮበታል።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አማርኛ ገንዘብ ላለው ሰው ብዙ ስም አለው፤ እያንዳንዱ ስም ግን ፍርዱን ይዞ ይመጣል። "ባለጸጋ" ሀብቱን ከላይ የተሰጠ ስጦታ ያደርገዋል። "ከበርቴ" መነሻው "ከበረ" ቢሆንም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመወንጀያ ቃል ሆኖ ኖሯል። "ባለሀብት" ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የስብሰባና የዜና መጠሪያ ሆኖ ተንሰራፍቷል። "ቱጃር" ከዐረብኛ የመጣና ከንግድ ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ሰውየውን በጸጋው ወይም በኃጢአቱ ሳይሆን በሥራው ይጠራዋል። እኔም በዚሁ ምክንያት መርጬዋለሁ። ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስሙ ከፈረደበት ጸሐፊው የሚጽፈው ገጸ ባሕርይ አይኖረውም፤ የሚጽፈው የፍርድ ሐተታ ብቻ ይሆናል።

2. ከፋብሪካ እስከ ባለንብረቱ ቤት

በ1963 የእንግሊዝ ንግድ ቴሌቪዥን "ዘ ፕሌን ሜከርስ" የተባለ ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ርእሱ "አውሮፕላን ሠሪዎቹ" ማለት ነው፤ በብዙ ቁጥር መጠራቱን ልብ ይሏል። መጀመሪያ የታሰበው የአንድ አውሮፕላን ፋብሪካን ኑሮ ከሠራተኛው እስከ ሥራ መሪው ለማሳየት ነበር። ነገር ግን ክፍሎቹ እየጨመሩ ሲሄዱ ፓትሪክ ዋይማርክ የተጫወተው ሥራ አስኪያጁ ጆን ዋይልደር ታሪኩን እየወሰደው ሄደ። ሠራተኞቹ ወደ ዳር ተገፉ፤ የስብሰባው አዳራሽ መሐል ሆነ። በ1965 ድራማው ስሙን ለውጦ "ዘ ፓወር ጌም"፣ ማለትም "የሥልጣን ጨዋታ" ሆኖ ቀጠለና እስከ 1969 ቆየ። ፋብሪካው ቀረ፤ ሰውየው ቀጠለ።

ይህ ሁኔታ የአንድ ተዋናይ ችሎታ ብቻ ያመጣው አይመስለኝም። በተከታታይ ድራማ ውስጥ ትልሙን የሚያንቀሳቅሰው ነገር አድራጊው ነው። ሠራተኛው የሚደርስበትን ይቀበላል፤ ይታገሳል፤ ያምፃል፤ ሦስቱም የሌላ ሰው ድርጊት ምላሾች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን በየሳምንቱ አዲስ ነገር ያደርጋል። ስለዚህ ጸሐፊው አሰበውም አላሰበውም ብዕሩ ወደ እርሱ ያዘነብላል። ከዚህ በታች እንደምናየው ይህ ነገር ተደጋግሞ የታየ ነው።

በ1967 ቢቢሲ የጆን ጎልስዎርዚን ልብ ወለዶች መሠረት በማድረግ "ዘ ፎርሳይት ሳጋ"ን በ26 ክፍሎች አቀረበ። በዚህ ድራማ ውስጥ ያለው ባለጸጋ፣ ኤሪክ ፖርተር የተጫወተው ሶምስ ፎርሳይት፣ ከዋይልደር በአንድ ነገር ይለያል። የሚታየው በቢሮው ሳይሆን በቤቱ ነው። ሶምስ ሥዕል ይሰበስባል፤ ቤት ያሠራል፤ ሚስቱን አይሪንንም ከሰበሰባቸው ዕቃዎች እንደ አንዱ ይቆጥራታል። እርሷ ግን አትወደውም። በሕግ የእርሱ ናት፤ በልቧ አይደለችም፤ ይህንንም ምንም ያህል ሀብት ሊያስተካክለው አልቻለም። ሶምስ በኃይል ሲደፍራት የሚታየው ክፍል የጭካኔውን ያህል የድህነቱም መግለጫ ነው። ያ ድርጊት ምንም ይቅርታ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ተመልካቾች ከአይሪን ይልቅ ለሶምስ አዘኑ። ጎልስዎርዚ ራሱም ከ1906ቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ኋለኞቹ ሲሄድ ለሶምስ ያለው አያያዝ እየለሰለሰ መምጣቱ ይታወቃል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ለርእሳችን መሠረት የሆነ ነገር እናገኛለን። ዋይልደር ኃያል ነበር፤ ሶምስ ግን ኃያልም ለማኝም ነበር። ቱጃሩ እጅ ነሥቶ የሚቆምበት አንድ በር ሲኖር፣ ያ በርም በገንዘብ የማይከፈት ሲሆን፣ ተመልካች ሰው መሆኑን ያምናል። ይህንን በዚህ ጽሑፍ "የልመና በር" ብዬ እጠራዋለሁ።

3. "ዳላስ" እና የአባት ሥዕል

በሚያዝያ 1978 ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ "ዳላስ" የተሰኘውን ድራማ በአምስት ክፍሎች ብቻ ለሙከራ አሳየ። ደራሲው ዴቪድ ጄከብስ ቀድሞ ያቀረበው ሐሳብ ስለ መካከለኛ ኑሮ ባልና ሚስቶች ነበር፤ ጣቢያው ግን ሰፋ ያለና ሀብት የሚታይበት ታሪክ ፈለገ። (የመጀመሪያው ሐሳብ በኋላ፣ በ1979፣ "ኖትስ ላንዲንግ" ሆኖ ወጥቷል።) የ"ዳላስ" ማዕከል እንዲሆኑ የታሰቡት ወጣቶቹ ቦቢና ፓሜላ ነበሩ። ቦቢ የነዳጅ ከበርቴው የጆክ ዩዊንግ ልጅ ነው፤ ፓሜላ ደግሞ ጆክ አጭበርብሮኛል የሚለው የቀድሞ ሸሪኩ የዲገር ባርንስ ልጅ ሆና ያደገች ናት። ባላንጣ ቤተሰቦች፣ ሁለት ፍቅረኞች፤ የሼክስፒርን "ሮሜዎና ጁልየት" ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው አቀማመጥ ነው። የቦቢ ታላቅ ወንድም ጄ አር፣ በላሪ ሃግማን የተሠራው፣ የፍቅሩ እንቅፋት ይሆን ዘንድ የገባ ሁለተኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ ነበር።

ሳይውል ሳያድር ድራማው የጄ አር ሆነ። እንደ ዋይልደር ሁሉ እርሱም ሳይጠራ ነገሠ። መጋቢት 21 ቀን 1980 በታየው ክፍል ጄ አር በማይታወቅ ሰው በጥይት ተመታ። የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ቀጣዩን ዙር ስላዘገየው መልሱ የተገኘው ልክ በስምንተኛው ወር፣ ኅዳር 21 ቀን ነው። ያን ምሽት በአሜሪካ ብቻ 83 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተመለከተው ተመዝግቧል። ለድርሰት ተማሪ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የጥያቄው አሠራር ይጠቅማል። "ማን ተኮሰበት?" ብሎ መጠየቅ የተቻለው፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለመተኮስ በቂ ምክንያት ስለነበረው ነው። ጸሐፊዎቹ ስለ ጄ አር ኃያልነት አንድም ሰው ንግግር እንዲያደርግ አላስፈለጋቸውም፤ በቁስለኞቹ ብዛት ለኩትና አሳዩት።

ጊዜውም ረድቶታል። በ1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ መሸጥ ባቆሙ ጊዜ የዘይት ዋጋ በዓለም ሁሉ ናረ፤ በ1979 እንደገና ተሰቀለ። የነዳጅ ባለቤት የሆነ ሰው ከዚያ ወዲህ በማንም ሰው ኪስ ውስጥ እጁ ያለበት ሰው ነው። ይህንን እኛም ከታሪካችን እናውቀዋለን፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ያቆሙትና ለአብዮቱ መቀስቀስ አንዱ ምክንያት የሆነው ሥራ ከቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ የቴክሳስ ዘይት ነጋዴ ተመልካች በስም የማያውቀው፣ በዋጋ ግን የሚያውቀው ሰው ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ዘይቱ ብቻውን ጄ አርን አሳማኝ አላደረገውም። የጄ አር የልመና በር አባቱ ነው። ጆክ ኩባንያውን በእጁ የመሠረተ ሰው ነው፤ ጄ አር የወረሰ ነው። የሚወደደው ልጅ ደግሞ ቦቢ ነው። ጄ አር የሚያደርገው ክፋት ሁሉ ሲመረመር "አባቴ ሆይ፣ ተመልከተኝ" የሚል ልመና ከሥሩ ይገኛል። በእስያ ነዳጅ ለማስቆፈር ሲል ሳውዝፎርክን፣ ከእናቱ ዘመዶች የመጣውን ርስት፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ በዕዳ እስከማስያዝ ደርሷል። ርስት ለሚለው ቃል ሩቅ ያልሆነ አንባቢ ይህ ድርጊት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ጆክን የተጫወተው ጂም ዴቪስ በሚያዝያ 1981 ሞተ። ጸሐፊዎቹ ሌላ ተዋናይ ተክተው ከመቀጠል ይልቅ ጆክ በደቡብ አሜሪካ በሄሊኮፕተር አደጋ እንደሞተ አደረጉ፤ ትልቅ ሥዕሉንም በግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ ጄ አር የሚቆመው በሥዕል ፊት ሆነ። ሥዕል አይመርቅም፤ አይረግምምም። በኑዛዜውም ጆክ ሁለቱ ወንድማማቾች ኩባንያውን ተካፍለው ለአንድ ዓመት እንዲወዳደሩና የበለጠ ያተረፈው እንዲወስደው አዘዘ። በሕይወት ሳለ ያልሰጠውን ምርቃት ከሞተ በኋላ የውድድር ሽልማት አደረገው ማለት ነው። ተከታታይ ድራማ ፍጻሜው እየተገፋ የሚሄድ ጥበብ በመሆኑ ሊረካ የማይችል ፍላጎት ያስፈልገዋል፤ ከሙት አባት ምርቃት የበለጠ ሊረካ የማይችል ምን ፍላጎት ይገኛል? "ዳላስ" እስከ ግንቦት 1991 የዘለቀው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው እላለሁ።

ተመልካቹስ አመነ ወይ? ለዚህ ሁለት ጥናቶች ይጠቀሳሉ። ኢየን አንግ የተባለችው ምሁር በኔዘርላንድ በአንድ መጽሔት ማስታወቂያ አውጥታ ከ"ዳላስ" ተመልካቾች 42 ደብዳቤዎች ተቀብላ መርምራለች። ድምዳሜዋም ተመልካቾቹ የሚያምኑት ቤቱንና ሀብቱን ሳይሆን ስሜቱን ነው፤ ውጫዊው ኑሮ ምንም ያህል ከእነርሱ ቢርቅ የቤተሰቡ ጠብና ኀዘን እውነት ሆኖ ይሰማቸዋል የሚል ነው። ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትዝ ደግሞ በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ በእስራኤል የሚኖሩ ዐረቦች፣ ከሞሮኮና ከሩሲያ የመጡ አይሁድ፣ የኪቡትስ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም አሜሪካውያንና ጃፓናውያን ድራማውን እንዴት እንደተረዱት አነጻጽረዋል። ዐረቦቹና የሞሮኮ አይሁድ ታሪኩን እንደ ቤተሰብ ትረካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያወርዱት፣ ከሩሲያ የመጡት ከኋላው የተደበቀ መልእክት ፈልገዋል። ጃፓን ውስጥ ግን ድራማው አልተሳካም። ከዚህ የምንረዳው አሳማኝነት በካሜራ ፊት ብቻ የሚፈጸም ነገር አለመሆኑን ነው፤ ግማሹ የሚፈጸመው በተመልካቹ ሳሎን ውስጥ ነው።

4. የለሰለሰው ቱጃር፦ "ዳይነስቲ"

የ"ዳላስ"ን ስኬት ተከትሎ ኤቢሲ በጥር 1981 "ዳይነስቲ"ን ጀመረ። ይህም ስለ ነዳጅ ቱጃር ነው፤ ስሙ ብሌክ ካሪንግተን። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ብሌክ አስፈሪ ሰው ነበር፤ ሚስቱን በኃይል ይደፍራል፤ የልጁን ወዳጅ ገፍትሮ ለሞት በማድረሱ ለፍርድ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ግን አዘጋጆቹ አለሰለሱት፤ ጆን ፎርሳይዝ የሚጫወተው ብሌክ ቀስ በቀስ ጨዋና አፍቃሪ አባወራ ሆነ።

ውጤቱ ምን ሆነ? የታሪኩ ሞተር ከእርሱ ወጥቶ ሌላ ሰው ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ዙር የተዘጋው ፊቷን በዓይነ ርግብ የሸፈነች ሴት ለምስክርነት ወደ ችሎት ስትገባ ነው። በሁለተኛው ዙር ዓይነ ርግቡ ሲገለጥ የብሌክ የቀድሞ ሚስት አሌክሲስ፣ ተዋናይዋም ጆን ኮሊንስ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው እርሷ፣ የሚደረግበት እርሱ ሆነ። "ዳይነስቲ" በ1984–85 የቴሌቪዥን ዘመን በተመልካች ብዛት አንደኛ የሆነው በአሌክሲስ ጉልበት መሆኑን ብዙዎች ይስማማሉ። እንግዲህ ቱጃሩን ደግ በማድረግ ብቻ ሰው ማድረግ አይቻልም። ብሌክ ክፋቱ ሲወሰድበት በምትኩ የልመና በር አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ቤትና ልብስ ብቻ ሆኖ ቀረ።

5. በጨለማ የሚደናበረው አባት፦ "ሰክሰሽን"

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሰኔ 2018 እስከ ግንቦት 2023፣ ኤችቢኦ በጄሲ አርምስትሮንግ የተጻፈውን "ሰክሰሽን" በ39 ክፍሎች አቀረበ። ርእሱ "ወራሽነት" ማለት ነው። ማዕከሉ ሎጋን ሮይ የተባለ፣ ከስኮትላንዷ ዳንዲ ከችግር ተነሥቶ ታላቅ የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ የገነባ ሽማግሌ ነው። ተዋናዩ ብሪያን ኮክስ እንደተናገረው የመጀመሪያው ዕቅድ ሎጋን በአንደኛው ዙር መጨረሻ እንዲሞት ነበር። አልሞተም። በአራተኛው ዙር ሦስተኛ ክፍል እስኪደርስ ድራማውን ይዞት ኖረ። ከዋይልደር እስከ ሎጋን ታሪኩ ራሱን መድገሙን ልብ ይሏል።

ጸሐፊው ሎጋንን ከተመልካች ጋር ያስተዋወቀበት መንገድ ግን አዲስ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲከፈት ሽማግሌው ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ፣ የት እንዳለ ሳያውቅ በጨለማ ሲደናበር፣ የገዛ ቤቱ ውስጥ ወለል ላይ ሲሸና እናያለን። ኃያልነቱን የምናየው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት በቀጣዮቹ ክፍሎች ሁሉ፣ ልጆቹ የማያውቁትን አንድ ነገር እኛ እናውቃለን። በሌላ ክፍል ሲዋኝ ጀርባው ላይ የድሮ ግርፋት ጠባሳ ይታያል፤ እርሱ ግን ስለዚያ ቁጭ ብሎ ታሪክ አይነግረንም።

ሎጋን የሚናገረው ጥቂት ነው። አራቱ ልጆቹና ሹማምንቱ የእርሱን ፊት እያነበቡ፣ ያላለውን እየተረጎሙ፣ እርስ በርሳቸው ይሻኮታሉ። እዚህ ላይ ለተማሪዬ ጥያቄ መልስ አገኘሁ ብዬ አስባለሁ። የኃያል ሰው ኃያልነት የሚጻፈው በራሱ ምልልስ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ሰዎች ምልልስ ነው። ሎጋንም ይጮኻል፤ ነገር ግን ሲጮኽ ቤቱ የሚረበሸው ዝም ሲል ተረብሾ ስለቆየ ነው።

የሞቱም አጻጻፍ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሎጋን የሚሞተው በአውሮፕላን ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ሌላ ቦታ፣ የወንድማቸው ሠርግ ላይ ናቸው። አንድ ሰው ስልክ በጆሮው ላይ ይይዝለታልና ልጆቹ በየተራ ይናገሩታል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር ግን አያውቁም። ይቅርታም ቁጣም ፍቅርም ለማይመልስ ጆሮ ይነገራል። ጄ አር በአባቱ ሥዕል ፊት እንደቆመ የሎጋን ልጆች በአባታቸው ስልክ ፊት ቆሙ። በ"ዳላስ" ዘመን የልመናው በር የቱጃሩ ነበር፤ በ"ሰክሰሽን" ቱጃሩ ራሱ ለልጆቹ የማይከፈት በር ሆነ።

6. ከዚህ ለእኛ የሚተርፈው

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ኃያል ሰው መጻፍ አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ፊታውራሪ መሸሻን ሰጥቶናል። ፊታውራሪ በዘሩ ታብዮ ልጁን ለጠያቂ ሁሉ ሲከለክል ያስፈራል፤ ገበሬዎችን ሊቀጣ ዘምቶ ራሱ ሲማረክ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ነው አሳማኝ ያደረገው። በቴሌቪዥንም በ2000ዎቹ ዓ.ም. በታየው "ሰው ለሰው" ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ተመልካች እየጠላው በየሳምንቱ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ስለዚህ መነሻው አለን።

ቋንቋችንም እንግሊዝኛ የሌለውን መሣሪያ ሰጥቶናል። "አንተ"፣ "አንቱ"፣ "እርስዎ" የሚሉት ተውላጠ ስሞች የሥልጣን መለኪያ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ አባቱን "አባባ፣ እርስዎ" ሲል የኖረ ልጅ በአንድ የውርስ ክርክር መሐል "አንተ" ቢል፣ ጥይት ከመተኮስ የበለጠ ድራማ ነው። የባንክ ሹም ትናንት "ጋሼ" ይለው የነበረውን ነጋዴ ዛሬ "አቶ እገሌ" ብሎ ቢጠራው፣ የንግዱን መውደቅ ለማስረዳት ሌላ ምልልስ አያስፈልግም። የውጭውን ድራማ ስንቀዳ መኪናውንና ውስኪውን ቀድተን ይህንን የራሳችንን ሀብት መተዋችን ያስቆጨኛል።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ስለ አንድ ጨካኝ ነጋዴ አጭር ድራማ ጽፌ መርካቶ የሚነግዱ አንድ ጎረቤቴን እንዲያነቡልኝ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲመልሱልኝ "መምህር፣ ያንተ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስፈራራ ይውላል፤ መቼ ነው የሚነግደው?" አሉኝ። አፈርኩ። "ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎን ቢሆን እንዴት ልጻፍዎ?" ብላቸው ጥቂት አሰቡና "እኔ በቀን የምፈራው ሰው ከሚፈራኝ ይበዛል። ከሁሉ የምፈራው ደግሞ ሱቁን አልፈልግም ያለኝን ልጄን ነው" አሉ። ድራማው ያለው እርሳቸው ዘንድ ነበር፤ እኔ የጻፍኩት ቅናቴን ነበር።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የታየው ታሪክ የሚያመለክተው ቱጃሩ በተከታታይ ድራማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ እንደሚነግሥ፣ ምክንያቱም ነገር አድራጊው እርሱ መሆኑን ነው። ጸሐፊው ይህንን ሊከለክል አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው የልመና በር ማቆምለት ነው። ለሶምስ የሚስቱ ልብ፣ ለጄ አር የአባቱ ዓይን፣ ለሎጋን የገዛ አካሉና ወራሽ ማጣቱ እንዲህ ያሉ በሮች ናቸው።

ይህ የአጻጻፍ ብልሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚል ተረት ያወረሰን ኅብረተሰብ ኃያልን ከሩቅ ማየት ለምዷል። የቤት ኪራያችን፣ የሥራችን፣ የምንሰማው ዜና ሳይቀር በማናያቸው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ሲወሰን፣ ድራማችን እነዚህን ሰዎች ወይ ሰይጣን፣ ወይ በመጨረሻው ክፍል ሆስፒታል የሚያሠራ መልአክ አድርጎ ካቀረባቸው ተመልካቹ ሲያገኛቸው አያውቃቸውም። ሰይጣኑን ሲጠብቅ፣ ልጁ ስልክ የማያነሣለት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሽማግሌ ይመጣበታል፤ አምኖትም ይፈርምለታል። ተማሪዎቼ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያመጡት ቱጃር ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ የምመኘው በዚህ ምክንያት ነው።